አሮጌ ኮሮላ ላይ የተገጠመ ዲፕስቲክና ቱቦ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህ ኦርጅናል ያልሆነ የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ (ዲፕስቲክ) ከነቱቦው የተገጠመው 1.6 ሊትር 4ኤ ሞተር ባለው ኮሮላ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። መኪናው ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን አልፎ ደብረ ሲና፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ቱቦው እስካሁን እንከን አልወጣለትም። ዲፕስቲኩ የሚታመነው ከተፈተሸ በኋላ ነው። አብሮ የሚመጣው የጎማ ቀለበት ግን ገና ከማሸጊያው ሳይወጣ ቢጣል ይሻላል።

ከቀለበቱ እንጀምር፤ በቱቦው ሥር ዘይቱን የሚያግደው እሱ ነውና። አሮጌው ደርቆ ማላብ ሲጀምር ዘይቱ በሞተሩ ጎን ይወርድና ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ "የኮፓ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ነው" ተብሎ ኮፓ የሚፈታው በዚህ የተነሳ ነው። ከመፍታት በፊት ቱቦው ሥር ያለውን ጠርጎ፣ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ፣ ሞተሩን ጥቂት አስነስቶ ማየት በቂ ነው። እርጥበቱ ከላይ ከጀመረ ኮፓው ንጹሕ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣው ቀለበት በአጭር ጊዜ ጠፍጥፎ ጠነከረና ማላቡ ተመለሰ። በዚያው ውፍረት ዘይትና ሙቀት የሚችል የናይትራይል ጎማ ቀለበት ከገባ ወዲህ ደረቅ ነው። ሲሊኮን ቀብቶ ማለፍ አያዋጣም፦ የተረፈው ተቆርሶ ኮፓ ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል።

አፈታቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ዝገቱ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ በቱቦው ዙሪያ ያለው አቧራና ጭቃ በብሩሽና በአየር ይጽዳ፤ ካልጸዳ ሲነቀል ወደ ሞተሩ ይገባል። መያዣውን ብሎን በ10 ቁልፍ ፈትታችሁ ቱቦውን በእጅ ግራና ቀኝ እያሽከረከራችሁ ወደ ላይ ሳቡ። እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት። በፒንሳ ይዞ ማወዛወዝ ቱቦውን ከሥሩ ይሰብረዋል። ከተሰበረ የብሎን ጥርስ ማውጫ ግሪስ ቀብቶ በስሱ ቀዳዳው ውስጥ አስነክሶ መሳብ ይቻላል። በትራፓኖ መብሳት ግን ብናኙን ኮፓ ውስጥ ስለሚጥል መጨረሻው ያው ኮፓ ማውረድ ነው። አሮጌው ቀለበት ከቱቦው ጋር መውጣቱንም እዩ፤ ቀዳዳው ውስጥ ከቀረ አዲሱ እስከ መጨረሻው አይገባም።

አዲሱ ቀለበት ዘይት ተቀብቶ ይገባል። የዚህ ዕቃ መያዣ ቀዳዳ ከብሎኑ ጋር ትንሽ አልገጠመም ነበር፤ ቱቦውን ማጠፍ ሳይሆን ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ማስፋት ነው የሚሻለው። ብሎኑን ወደ 10 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ይበቃዋል። ብሎኑ ከጎደለ ንዝረቱ ቱቦውን ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል።

ዋናው ጉዳይ ልኬቱ ነው። ቱቦው 1 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ወይም ሙሉ በሙሉ ባይቀመጥ፣ ዲፕስቲኩ በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ዘይቱ ያነሰ ይመስላል። ባለቤቱም ይጨምራል። ትርፉ ዘይት ኮፓው በላይ በሚሽከረከረው ክራንክሻፍት ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ አያደርግም። ስለዚህ አሮጌውንና አዲሱን ቱቦ ጎን ለጎን አስተኝታችሁ አወዳድሩ፤ ዲፕስቲኮቹንም ከመቀመጫቸው እስከ ሁለቱ ምልክቶች ለኩ። የቀድሞው ከጠፋ ዘይት መቀየሪያው ሲደርስ ፊልትሮውን ጨምሮ የመኪናው መመሪያ የሚለውን መጠን በመለኪያ ሙሉ፣ አንዴ አስነስታችሁ አጥፉ፣ ጠብቃችሁ አንብቡ። ዘይቱ የደረሰበት ቦታ ትክክለኛው ሙሉ ነው፤ የፋብሪካው ምልክት ከዚያ ከራቀ የራሳችሁን ጫሩ። ዲፕስቲኩን ግን በመጋዝ አትቁረጡት፣ እዚያው ላይ ይሰበራል። የዚህኛው ምልክት በጣም ስስ ስለሆነ ንጹሕ ዘይት ላይ አይታይም፤ በምልክቶቹ መካከል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ረድቷል።

ደብረ ሲና ላይ ሜዳ ፈልጎ መለካት ራሱ ሥራ ነው፤ ዳገት ላይ የቆመ መኪና የሚሰጠው ንባብ አይረባም። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ መለካት ይሻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘይቱ ወርዷል። ሞተሩ ከሠራ በኋላ ከሆነ ግን በዚያ ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር 10 ደቂቃ ያህል ታገሡት።

የእጀታው ፕላስቲክ ከወዲሁ ደብዝዟል፤ የላዩ መክደኛ ጎማም ላልቷል። ይህን አልወደድኩትም፤ ላልቶ ክፍተት ሲፈጥር የሞተሩ ስበት በዚያ አቧራ ያስገባል። ዲፕስቲኩ ራሱ ወደ ላይ እየተገፋ ከወጣ ግን ዕቃውን ከመውቀስ በፊት የፒሲቪ ቫልቩን (ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ የሚያስወጣውን) እዩ። እሱ ደህና ሆኖ ሞተሩ በቱቦው የሚተነፍስ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ዲፕስቲክ መቀየር አያድነውም።

አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ያልተጣመመ አሮጌ ኦርጅናል ዲፕስቲክ ካገኛችሁ እሱን ከዚህ አዲስ ቱቦ ጋር አጣምሩት፤ ልኬቱን መፈተሽ ግን ያኔም አይቀርም።