ለልጆች የክረምት እንቅስቃሴ የተከፈተ አዳራሽ፦ በደብረ ማርቆስ የአንድ ወር ቆይታችን

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ ሐምሌ ሲገባ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድና ጉም ትምህርት ቤት የተዘጋባቸውን ልጆች ቤት ውስጥ ያስቀራቸዋል። ግቢው ጭቃ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ከያዙት የሚተርፈው ቦታ ለሁለት ልጆች መሯሯጫ አይበቃም። የዘጠኝ ዓመት ልጄና የስድስት ዓመት ወንድሟ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ተክለው ሲውሉ፣ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲላቸውና በትንሽ በትልቁ ሲነጫነጩ ስላየሁ፣ ለክረምቱ በተከራየ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠውን የልጆች የአካል እንቅስቃሴ ሥልጠና አስመዘገብኋቸው። የምጽፈው ሐምሌን ሙሉ እያመላለስኋቸው፣ ብዙውን ቀንም አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

ሥልጠናውን የመዘንሁት ልጆቹ በሰዓቱ ውስጥ ምን ያህል ተንቀሳቀሱ በሚል ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ የልብ ምትንና ትንፋሽን የሚጨምር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንትም ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲኖራቸው ይመክራል። አዳራሹ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስለሚያሠራ፣ ስንመዘገብ የሚጎድለውን ብዙውን ይሞላልኛል ብዬ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን አሳዝነውኛል። አዳራሹ መሐል የልጆችን ሁሉ ልብ የሚስብ አንድ ትራምፖሊን (እየነጠሩ የሚዘልሉበት የተወጠረ ሸራ) አለ፤ ከሃያ የማያንሱ ልጆች ይሰለፋሉ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። አንድ ቀን ልጄን ብቻ ስከታተላት፣ በሰዓቱ ውስጥ ተራው የደረሳት ሦስት ጊዜ ነው፤ የቀረውን ጊዜ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ፣ በብርዱ እግሯን እየቀያየረች ቆማ ጠበቀች። የከፈልሁትም ያንኑ ዕቃ አይቼ ነበር።

ይህንን ለአሠልጣኟ ስነግራት አልተከፋችም። «ልክ ነዎት ጋሼ፤ ሰልፉ እኔንም አስጨንቆኛል» አለችኝና በሚቀጥለው የሥልጠና ቀን ወለሉን በጠመኔ አራት ቦታ ከፍላ ጠበቀችን። በአንደኛው ትራምፖሊኑ፣ በሁለተኛው ገመድ ዝላይ፣ በሦስተኛው አባሮሽ፣ በአራተኛው ደግሞ ጎን ለጎን የተሣሉ ሦስት ሰኞ ማክሰኞዎች ነበሩ፤ ፊሽካ ሲነፋ ምድቦቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ከሁሉ የበለጠ ያሠራቸው፣ ምንም ወጪ የሌለበት ሰኞ ማክሰኞው ነው። በአንድ እግር መዝለል፣ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ማንሣት፣ መስመር ሳይረግጡ ዞሮ መመለስ ጉልበትንም ሚዛንንም ይጠይቃል። ልጄ መጀመሪያ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ሁለተኛው እግሩ መሬት ይነካ ነበር፤ ሐምሌ ሲያልቅ እስከ መጨረሻው ደርሶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ሲዞር አይቼዋለሁ።

ዝናቡ ከበረዶ ጋር ሲወርድ የጣሪያው ቆርቆሮ ጩኸት ሌላ ድምፅ አያሰማም። አሠልጣኟ ያን ጊዜ ፊሽካዋንም ትታ በእጅ ምልክት ታዛቸዋለች፤ ሁለቱን እጆቿን ስታነሣ ቦታ ይቀይራሉ፣ ስትቀመጥ ያርፋሉ። መብራት ጠፍቶ ሙዚቃው ሲቋረጥም እያጨበጨቡ እስክስታ ያስመቷቸዋል፤ ይህ ሰፊ ቦታ የማይፈልግ በመሆኑ እኛም ቤት ወስደነዋል። በሐምሌ መጨረሻ ወንዶቹ ለቡሄ ጭፈራ ዱላ ይዘው፣ እየዘለሉ መሬቱን መምታት ሲለማመዱ ከየትኛውም ጨዋታ በላይ ሲያልባቸው ተመልክቻለሁ።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። በበሩ አጠገብ ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲና ጆንያ ቢደረግበትም ውኃው እየተረጨ ሲሚንቶውን ያንሸራትተዋል፣ ልጄም ወድቆ ክርኑ ተልጧል። የስፖንጅ ምንጣፉ የሸፈነው የወለሉን ግማሽ ብቻ ነው። ብርዱን ፈርተው መስኮቶቹን ሁሉ ስለሚዘጉ አየሩ ይታፈናል፤ ያን ያህል ልጅ በሚተነፍስበት ቤት ቢያንስ አንድ መስኮት ክፍት መሆን አለበት። ክፍያው የወር ሆኖ አስቀድሞ የሚፈጸም ሲሆን፣ በዝናብ ምክንያት የተሠረዙ ሁለት ቀናት አልተካኩልንም። ልጅ የሚያስመዘግብ ወላጅ ንጹሕና ደረቅ ሸራ ጫማ በፌስታል ይዞ ይምጣ፤ በካልሲ ብቻ ሲሮጡ ይንሸራተታሉና።

ፍልሰታ ሌላ ጥያቄ አስነሥቶብን ነበር። ሥልጠናው በዘጠኝ ሰዓት ስለሚጀመር፣ ከነሐሴ 1 ቀን አንሥቶ የሚጾሙ ልጆች ከቅዳሴ ሳይወጡ፣ ወይም ወጥተው እህል ሳይቀምሱ ይደርስባቸዋል። በባዶ ሆድ ማዘለል ደግሞ አይገባም። ወላጆች ተነጋግረን ስንጠይቅ ለጿሚዎቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ምድብ ከፈቱ፤ ልጄም በልታና ጥቂት ዐርፋ ትሄዳለች።

የነሐሴን ክፍያ ለሁለቱም ከፍያለሁ። ሥልጠና በሌለባቸው አራት ቀናት ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ሳሎኑ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንሥላለን፤ ለወንድሟ መስመሩን የምታሰምርለት ልጄ ናት። የሚያፈሰውን ጣሪያ ከቡሄ በፊት እንጠግናለን ብለውኛል፤ እስከዚያው ልጆቼ በበሩ በኩል ባለው ምድብ እንዳይሠሩ ለአሠልጣኟ ነግሬያታለሁ።