ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር ጀነሬተርና ባለ 60 አምፒር ቻርጀር፦ ጣና ዳር ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ማደሪያ የተሠራላት ሚኒባስ፣ 200 አምፒር-አወር ኤጂኤም (የተዘጋ የእርሳስ-አሲድ) ባትሪ፣ ባለ 60 አምፒር ቻርጀርና 2,000 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ጀነሬተር። በጋውንም ክረምቱንም ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ አብረው ሠርተዋል። ጀነሬተሩ ግሩም ነው፤ ቻርጀሩን ግን ወደ 40 አምፒር ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 2,000 ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰጠው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለው 1,600 ዋት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ እዚህ የሚቀረው 1,260 ዋት ያህል ነው። ቻርጀሩ በ60 አምፒርና በ14.4 ቮልት 864 ዋት ወደ ባትሪው ያስገባል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከል ከጀነሬተሩ 1,015 ዋት ይስባል። ፓወር ፋክተሩ (ከሚሸከመው ጅረት ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) 0.7 ስለሆነ ግን ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የጀነሬተሩ ኤሌክትሪክ አስተካካይ ክፍል፣ የሚሸከመው 1,450 ቮልት-አምፒር ነው። ሞተሩ የሚያወጣው 1,015 ዋቱን ብቻ ስለሆነ ለብቻው ይችለዋል፤ ፍሪጁ ሲነሳ ግን የኦቨርሎድ ቀይ መብራት ይበራና ኃይሉ ይቋረጣል። በ40 አምፒር ሸክሙ ወደ 970 ቮልት-አምፒር ይወርዳል፤ ለዚህ ባትሪም ጤናማው መጠን ይኸው ነው።

አነሳሱም ወሳኝ ነው። ኢኮውን (ሸክም ሲቀንስ ሞተሩን ዝግ የሚያደርገውን ማብሪያ) አጥፍቶ ማስነሳት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማሞቅ፣ ቻርጀሩን መሰካት፣ አምፒሩ ሲረጋ ኢኮውን ማብራት። ኢኮው እንደበራ ከተሰካ ሸክሙ ዝግ ብሎ በሚሠራው ሞተር ላይ በድንገት ይወድቃል፣ ቮልቱም ይወርዳል።

ግማሽ የደረሰ ባትሪ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ 80 በመቶ ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ባትሪው የሚቀበለው አምፒር እየቀነሰ ስለሚሄድ የቀረውን በቤንዚን መሙላት ብክነት ነው፤ ጠዋት በጀነሬተር ጀምሮ የቀረውን ለሶላር ፓነል መተው ይሻላል። ክረምት ላይ ግን ደመናው ሲከርም በሳምንት አንዴ እስከ መጨረሻው መሞላት አለበት፤ አለዚያ ባትሪው ሰልፌት እየያዘ አቅሙ ይሞታል። ጀነሬተሩ ላይ ያለው የ12 ቮልት መውጫ 8 አምፒር ብቻ ነው፤ ሲሞላም ራሱን አያቆምም። አይመከርም።

የ220 ቮልቱ ገመድ ቢረዝም ችግር የለውም፤ ከቻርጀሩ እስከ ባትሪው ያለው ግን ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር፣ ከሁለት ሜትር ያልበለጠ ይሁን። 60 አምፒር ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይግባ።

ዳርቻው ተዳፋት በሆነበት ሁሉ ሞተሩ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቀጥ ይላል፤ የዘይት መቆጣጠሪያው ያጋደለውን ማሽን ዘይት እንዳነሰው ስለሚቆጥር ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ይበቃዋል። ነፋሱ ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ ቀን ጭሱን ያርቅ የነበረው ቦታ ማታ ወደ መኪናው ይመልሰዋል። በዚህ ቀልድ የለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛን ሰው ይገድላል። ጀነሬተር እያሠሩ መተኛት አይገባም።

ዘይቱ መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ በከፍታው ምክንያት ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ ለከፍታ የሚሆን ጠበብ ያለ የካርቡሬተር ቀዳዳ ይገጠምለት። ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ግን የቀድሞው መመለስ አለበት፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል።