ሜክሲኮ አካባቢ አስፋልት ቆርጠው የውሃ መስመር ስላሻገሩልኝ ልጆች

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ በሚወስደው አንድ ቅያስ ውስጥ ቁርስ ቤት አለኝ። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እከፍታለሁ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣም የኔ መስመር ግማሹን መሬት ውስጥ ሲደፋው ኖሯል። እናቴ ያስገባችው የብረት ቧንቧ ዝጎ አልቆ ነበር። ፍሳሹ ከቆጣሪው በፊት ስለሆነ ሂሳቡ ላይ አይታይም። የሚታወቀኝ በሮቶው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ መጥቶ ሁለት ሺህ ሊትሩ ሮቶ ግማሽ አይደርስም።

ዋናው መስመር ያለው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ቧንቧውን ለመቀየር 5 ሜትር አስፋልት መቁረጥ፣ ከዚያ እስከ በሬ ድረስ 4 ሜትር ኮብልስቶን ማንሳት ግድ ነው። ይህን ስራ በ2017 ሚያዝያ የሰሩልኝ ትንሽ ቡድን ናቸው። አንድ ፎርማን፣ አንድ ቧንቧ ሰራተኛ፣ አራት የቀን ሰራተኞች። የእጅ ዋጋ 46 ሺህ ብር ከፈልኳቸው። ዕቃውን ለብቻ ገዛሁ። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ምንም አልጽፍም ብዬ ቆየሁ። መሬት የተቆፈረበትን ስራ ክረምት ሳያልፍበት መመስከር አይቻልም።

ግን መጀመሪያ የበፊቱን ልንገራችሁ።

በ2015 ጥቅምት ሌሎች ሰዎች ቀጥሬ ነበር። በዘጠኝ ሺህ ብር ተስማማን። «ወረቀት ምን ያደርጋል እናቴ፣ ቅዳሜ ማታ ገብተን እሁድ ጠዋት ደፍነን እንወጣለን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ጀመሩ። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ዶማው አንድ ጥቁር ገመድ በጠሰ። የቴሌ መስመር ነበር። እንዳዩት ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ስልካቸው ከዚያ በኋላ አይነሳም። ጉድጓዱ ክፍቱን አደረ።

ጎህ ሲቀድ ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ልደታ ሊሳለሙ ወጡ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲሻገሩ ገቡበት። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ሦስት ወር በክራንች ሄዱ። እኔ ምሳ እየወሰድኩላቸው አጠገባቸው ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩኝም። «እግዜር ያመጣው ነው ልጄ» ይሉኝ ነበር። እግዜር አላመጣውም። እኔ የቀጠርኳቸው ሰዎች ያመጡት ነው።

የሰፈሩ ኢንተርኔት ለቀናት ጠፋ። ጉድጓዱን ራሴ በገዛሁት አሸዋ አስሞላሁ። ቧንቧው ሳይቀየር ቀረ። በሚቀጥለው ክረምት ያ ቦታ ሰመጠ፣ ውሃ ቋጠረ፣ መኪና የሚያነክስ ጉድጓድ ሆነ። ባለፍኩ ቁጥር እሱን እያየሁ ነው የምገባው።

ስለዚህ በ2017 የካቲት አዲሱ ፎርማን ሲመጣ ልቤ አላመነውም። እሱ ግን ዋጋ ሳይጠራ መጀመሪያ የጠየቀኝ «እናቴ፣ የውሃ ውልዎት የት አለ?» ብሎ ነው። ውሌን አሳየሁት። አየውና «ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ውሃውን ነው የሚሰጥዎት፣ መንገዱን አይሰጥዎትም» አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ለይቼ አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደማትለዩት እገምታለሁ። የውሃ መስመሩ የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ነው። አስፋልቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለስልጣን ነው። መስሪያ ቤቱ ከ1990 ጀምሮ ያለ ነው። መንገድ የሚቆርጥ ሰው የመንገድ ቆረጣ ፈቃድ ከዚያ ያወጣል። የአንዱን ወረቀት ይዞ የሌላውን ንብረት መንካት አይቻልም። ከስር የቴሌና የመብራት መስመር ካለ ደግሞ የእነሱም ጉዳይ አለ። አንድ ሜትር በማትሞላ መሬት ውስጥ አራት ባለቤት አለ ማለት ነው።

ማመልከቻውን ቁጭ ብለን አብረን ጻፍን። የት እንደሚቆረጥ፣ ርዝመቱ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር፣ የላዩ ምን እንደሆነ፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ በምን እንደሚሞላ። የውሃ ውሉን ኮፒ አያያዝን። አስፋልቱ የሚለብስበትንም ክፍያ ከፍዬ ደረሰኝ ያዝኩ። ሲጽፍ የገረመኝ «መቼ ያልቃል» የሚለውን ነው። የ2015ቶቹ ስለ ማለቂያ ቀን አንስተውም አያውቁም። ወረቀት ላይ ቀን ሲጻፍ ግን ሰው ይያዝበታል።

ከአምስት ኮከብ አንዱን የቀነስኩባቸው አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንድፍ ልኬት አልነበረውም። ከቤቴ ጥግ እስከ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ አልተጻፈበትም። ማመልከቻው ተመለሰብን፣ መመለሱም ትክክል ነው። ፎርማኑ ሜትር ይዞ እስኪመጣ፣ እንደገና እስኪሳል ሁለት ሳምንት አለፈ። ፋሲካ መሀል ገባ። ስራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረበት። ነግሬዋለሁ፣ ተቀብሎኛል።

ቁፋሮው የተጀመረው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ማታ ፎርማኑ መጥቶ ከፈቃዱ አንድ ኮፒ በሬ ላይ ለጠፈ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞሮ መኪና ያላቸውን ሰዎች አነጋገረ። አስፋልቱን በዶማ አልፈለጡትም። በመቁረጫ ማሽን ግራና ቀኙን ቀጥ አድርገው ቆረጡት። ጠርዙ ቀጥ ካለ በኋላ የሚለብሰው አስፋልት ከድሮው ጋር ይገጥማል፣ ውሃም አያሰርግም ብሎ አስረዳኝ። መንገዱንም ሙሉውን አልዘጉም። መጀመሪያ ግማሹን ቆፍረው ቧንቧ አስገብተው ሞሉ። ከዚያ ወደ ሌላው ግማሽ ዞሩ። መኪና አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ዙሪያውን ቀይና ነጭ ሪቫን ሳቡ። እግረኛ የሚሻገርበት ወፍራም ሳንቃ ጣሉ። በሁለቱም በኩል የባህር ዛፍ አጣና አስረው መደገፊያ አደረጉለት። ማታ መብራት ሰቀሉ። አንድ ልጅም ጥበቃ አደረ። ረቡዕ ጠዋት እማማ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ሳንቃው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ከቀን ሰራተኞቹ አንዱ አካፋውን ጥሎ ሮጠና «ይያዙኝ እማማ» ብሎ ክንዱን ሰጣቸው። ማንም አላዘዘውም። እኔ ቁርስ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

70 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርሱ ፎርማኑ ዶማውን አስቆመ። የቴሌው መስመር የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ በአካፋና በእጅ ብቻ ነው የሄዱት። ጥቁሩ ገመድ ወጣ። የተቀጠለበት ቦታ በወፍራም መሸፈኛ ታሽጎ አየሁት። የ2015ቱ ሌሊት ነው እዚያ ተቀብሮ ያገኘሁት። ፎርማኑ ምን ሆኜ እንደቆምኩ ጠየቀኝና ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ልጆቹን ጠርቶ ገመዱ ስር በጆንያ አሸዋ ሞልተው እንዲደግፉት አዘዘ።

ቧንቧውን እንዲሁ አልቀበሩትም። አስፋልቱ ስር አንድ ወፍራም ፒቪሲ አሻገሩ። የኔን ጥቁር የላስቲክ ቧንቧ በእሱ ውስጥ አሳለፉት። ነገ ቢበላሽ ከአንዱ ጫፍ ተስቦ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። አስፋልት ሁለተኛ አይቆረጥም። ይህን ነገር ማንም ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ተጨማሪው ወጪ ደግሞ የአንድ ፒቪሲ ዋጋ ብቻ ነው። የፍሳሽ መስመር በአጠገቡ ያልፍ ስለነበር የንጹህ ውሃው ከእሱ በላይና ራቅ ብሎ እንዲሄድ አደረጉ። ከዋናው መስመር ጋር የማገናኘቱን ስራ የውሃና ፍሳሽ ሰዎች መጥተው ሰሩ።

አሁን ወደ አሞላሉ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ልናገር የፈለኩት ይህን ነው። መቆፈር ማንም ይቆፍራል። የሰፈራችን መሬት ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ደርቆ ይሰነጠቃል። የወጣውን አፈር መልሶ በላዩ የሚረግጥ ሰው ክረምቱ ሲያልፍ የሚሰምጥ ጉድጓድ ነው የሚያስቀምጥላችሁ። እነዚህ ልጆች ጥቁሩን አፈር በሙሉ በኢሱዙ ጭነው አወጡት። ቧንቧው ስርና ላይ አሸዋ አነጠፉ። ከዚያ ገረጋንቲ አስመጡ። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሞላሉ፣ ውሃ ያርከፈክፋሉ፣ በኮምፓክተር ይጠቀጥቃሉ። እንደገና 15፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና መጠቅጠቅ። መሀል ላይ «ከስር መስመር አለ» የሚል የፕላስቲክ ሪቫን ዘረጉ። ወደፊት የሚቆፍር ሰው ቧንቧውን ሳይነካ እሱን እንዲያገኝ ነው። በየደረጃው ፎርማኑ አንድ ቀጭን ፌሮ ይወጋበታል። ፌሮው ከገባ «ድገሙት» ይላል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሁለቴ አስደገማቸው። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ልጆቹም ደክመዋል። ቢሆንም ደገሙት። እኔም ሻይና ዳቦ ይዤ ወጣሁ።

ኮብልስቶኑን ሲያነሱ ድንጋዩን ከግድግዳው ስር ደርድረው አስቀምጠው ነበር። ሲመልሱት ሰባት ድንጋይ ጎደለ። በሲሚንቶ ሊደፍኑት ሲሉ እምቢ አልኩ። በማግስቱ ድንጋዩን አመጡ። ይህንን ሳልቆጣጠር ብቀር ኖሮ በሲሚንቶ ይቀር እንደነበር አምናለሁ። ሌላው ቅሬታዬ አቧራው ነው። አስፋልቱ የሚቆረጥበትን ሰዓት አስቀድመው አልነገሩኝም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሰው ፉል እየበላ፣ ማሽኑ ተነሳ። አቧራው እስከ ምድጃው ገባ። ያን ቀንና በማግስቱ ዘጋሁ። ምግብ ቤት አጠገብ የሚሰራ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ማሽኑ ላይ ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ እንደሚቻል በኋላ ራሱ ፎርማኑ ነገረኝ። ታዲያ ለምን አላደረጋችሁም? ብዬዋለሁ።

አስፋልቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለበሰ። እስከዚያ ገረጋንቲው ላይ መኪና ሲመላለስ ምንም አልሆነም። ፎርማኑ ሁለት ጊዜ መጥቶ አየው። ማንም ሳይጠራው።

ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ባለው ዋና መንገድ ላይ በኮሪደር ልማቱ ጊዜ መስመሮቹን አንድ ላይ ከመሬት በታች ሲያስገቡ አይቻለሁ። ውስጥ ለውስጥ ያለነው ሰዎች ግን አሁንም አንዱ ሲደፍን ሌላው ይቆፍራል። ዛሬ ውሃ፣ ከወር በኋላ ቴሌ፣ ከዚያ ፍሳሽ። ስለዚህ ማን በምን አኳኋን እንደሚቆፍር የኛ የነዋሪዎቹ ጉዳይ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው ሲቆፍር ካያችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። ነውር የለውም። ፈቃድ ያለው ሰው ደስ ብሎት ያሳያችኋል፤ የኔ ፎርማን በሬ ላይ ለጥፎት ነበር። ከቻላችሁ ደግሞ የሰፈሩን ሰው አስተባብራችሁ በአንድ ጊዜ አሻግሩ። ለኔ ቤት ሲቆፈር ሁለት ጎረቤቶቼ ቧንቧቸውን አብረው ቢያስገቡ ኖሮ አስፋልቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆረጥ ነበር። ጠይቄያቸው ነበር፣ ገንዘብ አልደረሰላቸውም። አሁን ሊያሰሩ ነው። ያሳዝነኛል።

ሰኔ ገባ። ሐምሌ ዘነበ፣ ነሐሴም ዘነበ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ወጥቼ የመጥረጊያ እንጨት አስፋልቱ ላይ አጋድሜ አያለሁ። ከስሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖር እንደሆነ ብዬ። መስከረም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ገጥሟል። ውሃ አልቋጠረም። ሮቶው ደግሞ ፈረቃችን በሆነ ሌሊት ከንጋቱ በፊት ሞልቶ ያድራል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻቸዋለሁ። የንድፉ ስህተት፣ አቧራውና ሰባቱ ድንጋይ አንዱን ወስደውባቸዋል። እንደገና ቧንቧ ቢበላሽብኝ ሌላ ሰው አልጠራም። ስልካቸውን የምትፈልጉ ቁርስ ቤት ብቅ በሉ፣ እሰጣችኋለሁ። የተስተካከለውን ንድፍ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቧንቧዬ ከቤቱ ጥግ ስንት ሜትር ላይ እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ የቴሌው ገመድ የት እንዳለ ሁሉ ተጽፎበታል። ወደፊት በኛ በር ፊት ለፊት የምትቆፍሩ ሰዎች፣ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አንኳኩ። ኮፒ አድርጌ እሰጣችኋለሁ።