«ፓተንት ያለው» የሌባ አላርም ሊሸጡላችሁ ሲመጡ

ጎንደሬዎች፣ በተለይ ፒያሳ ሱቅ ያላችሁ፣ ማራኪና አዘዞ በኩል አዲስ ቤት የሠራችሁ፣ ይህን አንብቡና ለጎረቤት ንገሩ። ሻንጣ ይዘው ሱቅ ለሱቅ፣ ግቢ ለግቢ እየዞሩ የሌባ አላርም የሚሸጡ ሰዎች አሉ። አለባበሳቸው ያምራል፤ አፋቸው ደግሞ ማር ነው። ዕቃው ሁልጊዜ አይረባም ማለቴ አይደለም። ጉዱ ያለው አሻሻጡና ውሉ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራ ስለምሠራ፣ እነሱ ገጥመው ከሄዱ በኋላ የምጠራው እኔ ነኝ። «ኧረ እባክህ ና፣ ይሄ ነገር ሌሊት በባዶ ሜዳ ይጮኻል» ይሉኛል። ወይ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ትንፍሽ አይልም። የገጠመው ሰው ጋ ሲደወል ስልኩ ዝግ ነው።

ሽያጩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ጠረጴዛችሁ ላይ አንዲት ነጭ ሳጥን፣ ሳይረንና ሁለት ሦስት ሴንሰር (በር መከፈቱን ወይም ሰው መንቀሳቀሱን የሚያውቅ ዕቃ) ይደረድራል። ከዚያ በሴንሰሩ ፊት እልፍ ይላል። ሳይረኑ ያብዳል፣ ስልኩ ይጠራል፣ ሰው ይደነቃል። ወዲያው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይወጣል፦ «አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያገኘ አዲስ ፈጠራ።» ቀጥሎ ዋጋ ይጠራል። ፊታችሁ ሲጠቁር ቅናሽ ይመጣል፤ ቅናሹ ግን እስከ ነገ ብቻ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ ይብስባቸዋል። በከተራ ከተማው ታቦቱን ተከትሎ ወደ ፋሲል መጠመቂያ እንደሚወርድ፣ ስንቱ ቤት ባዶውን እንደሚያመሽ ያውቃሉ። የሚነግዱት በዚያ ስጋት ነው።

መጀመሪያ ፓተንቱን እንየው። ፓተንት ማለት አንድን ፈጠራ ለተወሰነ ጊዜ ለብቻ የመጠቀም መብት ነው፤ የሚሰጠውም ሐሳቡ አዲስ ስለሆነ ነው። ዕቃው ሌባ ያስቆማል ወይ፣ ሁለት ክረምት ይሻገራል ወይ ብሎ የሚፈትሽ የለም። መብቱም የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። አሜሪካ የተሰጠ ፓተንት ጎንደር ላለ ገዥ የሚጨምርለት ነገር የለም። ዕድሜም አለው። በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። የእኛው በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ደግሞ 15 ዓመት ይሰጥና፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ማንም አንስቶ ሊሠራው ይችላል።

ለመሆኑ «አዲስ» የሚሉት ምኑን ነው? በር ሲከፈት ደወል የሚያሰማ የኤሌክትሪክ አላርም ኦገስተስ ራስል ፖፕ በተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ስም ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። የቋራው ካሳ ገና አጼ ቴዎድሮስ ሳይባሉ ማለት ነው! ኤድዊን ሆምስ በ1857 መብቱን ገዝቶ ንግድ አደረገው። ያቺ ማግኔት ያላት የበር ሴንሰር የቆመችበት ሐሳብ በ1930ዎቹ ቤል ላቦራቶሪዎች ከተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል የወጣ ነው። በር ላይ ካሜራ አድርጎ የመጣውን ሰው በቴሌቪዥን ማየት፣ ማነጋገርና በሩን ከውስጥ ሆኖ መክፈትስ? ኒውዮርክ ኩዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ከባሏ ጋር በ1966 አመልክታ በ1969 ፓተንት አግኝታበታለች። የሁሉም ፓተንት ጊዜ አልፏል። ዕቃው ዛሬ ርካሽ የሆነውም ማንም ፋብሪካ ስለሚሠራው ነው። ስለዚህ «ፈጠራ ስለሆነ ነው የተወደደው» የሚለው ወሬ ዋጋ መስቀያ ብቻ ነው።

አሁንም ፓተንት አለው ካሏችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ካለ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይታያል፤ ጎግል ፓተንትስ ላይ አስገቡት። የማን ነው፣ ስለ ምን ነው፣ የስንት ዓመት ነው የሚለው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የእኛ አገር ነው ካሉ የሚመለከተው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንድ ባለሱቅ በፍሬም አድርጎ የሰቀለውን «ፓተንት» ጠጋ ብዬ ሳነበው የንግድ ምልክት ምዝገባ ሆኖ አገኘሁት። የዕቃው ስምና አርማ ተመዝግቧል፤ ስለ ዕቃው ሥራ አንድ ቃል የለውም።

የበሩ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። የበር ሴንሰር ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው ማግኔት ሲሆን በሩ ላይ ይለጠፋል። ሌላው ጉበኑ ላይ ይሆናል፤ ውስጡ በትንሽ የመስታወት ቱቦ የታሸጉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉት። ማግኔቱ ሲቀርብ ብረቶቹ ይነካካሉ። በሩ ሲከፈት ይለያያሉ፤ አላርሙም ይጮኻል። ለእንጨት በር ይህቺ ትንሿ ፕላስቲክ ሴንሰር ትበቃለች። የእኛ የግቢ በር ግን ላሜራ ነው። ብረት የማግኔቱን ጉልበት ወደ ራሱ ይስባል፤ ሴንሰሯ የምትሠራበት ርቀት ያጥራል። ገጣሚው ይህን ስለሚያውቅ ማግኔቱን ገፋ አድርጎ አስጠግቶ «ይኸው ሠራ» ይልና ይሄዳል። ከዚያ በሩ በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ማጠፊያው ሲላላ፣ ነፋስ ሲያነቃንቀው ያቺ ርቀት ትዛባለች። ሌሊት ጩኸት ይጀመራል። ባለቤቱ ጥቂት ቀን ይታገስና አላርሙን ያጠፋዋል። ስንት ግቢ ውስጥ እንዲህ ጠፍቶ የተሰቀለ አላርም አይቻለሁ መሰላችሁ።

ለብረት በር የተሠራ ሴንሰር አለ። የብረት ሽፋን ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ማግኔቱ ጠንካራ የሆነ፣ ሰፋ ያለ ክፍተት የሚችል ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ይሠራል። «ይሄ ለላሜራ በር የሚሆን ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ በሩን አሳዩት።

ክፍል ውስጥ የሚሰቀለው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቀው ሴንሰርም የራሱ ውሸት አለው። «ግድግዳ አልፎ ያያል» ይላሉ። ኧረ ተዉ! ይህ ዕቃ የሚያየው ከሰውነት የሚወጣውን ሙቀት ነው። ፊቱ ላይ ያለው ነጣ ያለ ፕላስቲክ ክፍሉን በብዙ ቀጠና ይከፋፍልለታል፤ ሙቀቱ ከአንዱ ቀጠና ወደ ሌላው ሲሻገር ያውቃል። ግድግዳ ቀርቶ ተራ የመስኮት መስታወት ይጋርደዋል። ከተዘጋ መስኮት ጀርባ ቁሙና እስክስታ ምቱ፤ አያያችሁም። ስለዚህ ወደ ውጭ በመስኮት እንዲያይ አድርገው ከሰቀሉት ግቢያችሁን አይጠብቅም።

መስቀያ ቦታውም ወሳኝ ነው። ጥግ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ የሚገባው ሰው በፊቱ እንዲያቋርጥ ተደርጎ ነው የሚሰቀለው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አይሆንም። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሞቀው አየር ሲንቀሳቀስ በከንቱ ያስጮኸዋል። ድመትም እንደዚያው። ለገጣሚዎቹ ግን የሚመቻቸው ሽቦ የሚያጥርበት ቦታ ነው።

መብራት ነገር ለጎንደር ሰው አይነገርም። ሻጩ ፊት ሶኬቱን ንቀሉና «እስከ ነገ ጠዋት ይቆይ» በሉት። ትንንሾቹ ሳጥኖች ውስጥ ያለችው ባትሪ የስልክ ባትሪ እንኳ አታክልም። ደህናው ዕቃ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የታሸገ ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማልና መቀየሪያውን አስቡበት። ሳጥኑ የሚደውልላችሁ ውስጡ በሚገባ ሲም ካርድ ነው፤ ሲም ካርዱ ሒሳብ ካለቀበት አላርሙ ሊደውልላችሁ አይችልም። ስልክ ላይ በሚጫን አፕ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ አስታውሱ። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ አላርም ያን ጊዜ የግድግዳ ጌጥ ነበር። ኔትወርክ ባለ ሰዓት ደውሎ የሚናገር፣ ኔትወርክም ሲጠፋ ቢያንስ ሳይረኑ የሚጮህ ይሻላል።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ሳጥኖች በኤስኤምኤስ ይታዘዛሉ። የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የትም ሆኖ «ጥፋ» ቢለው ይጠፋል። ከፋብሪካ ሲመጣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 1234 ነው፤ ገጣሚዎቹም አይቀይሩትም። አንዳንዶቹ ሲም ካርዱን በራሳቸው ስም አውጥተው ያስገባሉ፣ ትርፍ ሪሞትም ኪሳቸው ያስቀራሉ። በዚያ ላይ «ማታ ማታ ማን ይኖራል? ወደ ገጠር የምትሄዱት መቼ ነው? ዋናው ዕቃ የት ክፍል ነው?» ብለው ጠይቀው፣ እናንተም ሻይ አፍልታችሁ እያስጎበኛችሁ መልሳችኋል። ሌባ ናቸው እያልኩ አይደለም። የቤታችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው ሰጥታችኋል እያልኩ ነው።

ከገጠማው በኋላ የሚመጣው ወርሃዊ «የክትትል ማዕከል» ክፍያ የሚባለው ነው። ማዕከሉ የት ነው? ሌሊት የሚቀመጠው ማነው? ሄደን እንየው በሏቸው። ባየኋቸው ሳጥኖች ውስጥ የነበረው ባለቤቱ፣ ሚስቱና ወንድሙ የተመዘገቡበት የስልክ ዝርዝር ብቻ ነው። አላርሙ በተራ ይደውልላቸዋል። የራሳችሁ ሲም የራሳችሁን ስልክ ስለጠራ በየወሩ ለሌላ ሰው ትከፍላላችሁ። እውነተኛ ማዕከል የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ቢሮውን ለማሳየት አያንገራግርም።

አጥርን በኤሌክትሪክ እናድርግላችሁ የሚሉም አሉ። ትክክለኛው የኤሌክትሪክ አጥር የራሱ ማሽን አለው። ኃይለኛ ግን እጅግ አጭር ምት በየሰከንዱ ገደማ ይልካል፤ ያስደነግጣል እንጂ እንዳይገድል ጉልበቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተገደበ ነው። እነዚህ ግን «ማሽኑ ውድ ነው፣ ከቆጣሪው በቀጥታ እንስበው» ይላሉ። 220 ቮልት በሽቦ አጥር ላይ መልቀቅ ሰው መግደል ነው። የጎረቤት ልጅ ኳስ ሊያወርድ ይወጣል። ክረምት ላይ ግድግዳው ይርሳል። እንዲህ ያላችሁን ሰው ዕቃውን አሲዛችሁ ከግቢ አስወጡት፤ ሌላ ሥራም አትስጡት።

ስለ ገንዘቡ። አብዛኛውን ቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ በቴሌብር፣ በግለሰብ ስም። ደረሰኝ የለም፤ «ዋስትና 2 ዓመት» የሚል ወረቀት ላይ ያለው አድራሻ የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃ ይዞ ቅያሪ ወይም ገንዘቡን መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። እነሱም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፤ ገንዘቡን ዛሬ ተቀብለው ገጠማውን ወደ ወር መጨረሻ የሚገፉት አለምክንያት አይመስለኝም። ስለዚህ የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ እዩ፣ ቀሪውን ክፍያ መብራት በሌለበት አንድ ሌሊት ሠርቶ ካያችሁ በኋላ ስጡ። የሚገጠመው ዕቃ ሞዴል ውሉ ላይ ይጻፍ። ናሙና ብለው ያሳዩት ሌላ፣ የተገጠመው ሌላ የሆነበት ቤት አይቻለሁ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ዛሬውኑ የይለፍ ቁጥሩን ቀይሩ። ሲሙን በራሳችሁ ስም አውጡ። የተመዘገቡትን ስልኮች አሳዩኝ በሉና የማታውቁት ቁጥር ካለ አስጠፉ። ሪሞቶቹን አጥፍታችሁ በእጃችሁ ያሉትን ብቻ እንደገና አስመዝግቡ፤ እንዴት እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ፣ ካልገባችሁ የምታምኑት ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ከጎረቤት ጋርም ሳይረን ሲጮህ ማን እንደሚወጣ ተነጋገሩ። 15 ቀኑ ካላለፈ የቴሌብር መልእክቱን፣ ውሉንና የዕቃውን ፎቶ ይዛችሁ መጀመሪያ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ የከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ።