ዙም ኤች5 የድምፅ መቅረጫ፦ ጎጃም ለሚወርድ የሙዚቃ ማስተርስ ተማሪ

ለመመረቂያ ጽሑፉ ጎጃም ወርዶ ማኅሌት ወይም የአዝማሪ ማሲንቆ የሚቀርጽ ተማሪ በስልኩ ባይተማመን ይሻላል። ስልክ የድምፁን ልክ በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ለስለስ ያለውን ይጎትታል፣ የጎላውን ይጫናል። ከበሮው የቱ ላይ እንደጠነከረ፣ የቱ ላይ እንደላላ ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም።

ኤች5ን ለዚህ ሥራ የሚያስመርጠው መጠባበቂያ ቅጂው ነው። በራሱ ሁለት ማይኮች ሲቀርጽ፣ ጎን ለጎን በ12 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ሌላ ፋይል ያስቀምጣል። ጥቅሙ ማኅሌት ላይ ይታያል። ያለ ከበሮ በሚዜመው ቁም ዜማ ልኩ የተያዘ መቅረጫ በመቋሚያ የሚዜመውን ዝማሜ ይችለዋል፤ ከበሮ የሚገባበት መረግድ አልፎ ፈጣኑ ጽፋት ላይ ከበሮና ጸናጽሉ ሲፋፋም ግን ድምፁ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን የትኛውም ሶፍትዌር አጥርቶ አይመልሰውም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳው ይተርፋል። ይህን ከሜኑ መክፈት ያስፈልጋል፤ ከውጭ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ) ለሚሰካ ማይክም አይሠራም።

የፋይሉ ዓይነት ዌቭ (ያልታመቀ ድምፅ)፣ ጥራቱ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ቢሆን ይበቃል። በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ከመጠባበቂያው ጋር 2። ካርዱ እስከ 32 ጊጋባይት ስለሆነ አንድ ሌሊት አያስጨንቅም። ሎው ከቱ (ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰው ማጣሪያ) አይከፈት፤ የከበሮውን ሆድ ይበላዋል።

አዝማሪ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ የዘፋኙ ድምፅ ማሲንቆውን ይውጠዋል። መቅረጫውን ከአፉ ትይዩ ሳይሆን ወደ ማሲንቆው ቆዳ አዙሮ፣ አንድ ሜትር ያህል አርቆ፣ በትራይፖድ ማቆም ነው። በእጅ ከተያዘ የጣት ኮሽታ ይገባል።

የሚበላው ሁለት ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ 48 ቮልት ለሚፈልግ ማይክ ሲሰጥ ቶሎ ይጨርሰዋል። ፓወርባንክ ይቀበላል፤ ሆኖም የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት ራሱን የሚያጠፋ ፓወርባንክ ስላለ ከመንገድ በፊት ይሞከር።

ጉድለቱም አለ። ድምፁ ለስለስ ያለው የበገና መሣሪያ ሲቀረጽ የማይኮቹ የራሳቸው ሹክሹክታ ስለሚሰማ መጠጋት ግድ ነው። ጮቄ ተራራ ሥር ዋሽንት ለመቅረጽ ፀጉራሙ የነፋስ መከላከያ ለብቻው መገዛት አለበት። (ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀረጸው ግን የዝናብ ጥናት ይሆናል፤ ለዚያ መከላከያም የለው።)

ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተቀረጸውን 2 ሰዓት ይለዋል፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያልፍም ቀኑ ስለሚቀየር የአንድ በዓል ማኅሌት የሁለት ቀን ፋይል ይሆናል። ስለዚህ ያኔውኑ በደብሩ፣ በበዓሉና በዜማው ክፍል ስም መሰየም ነው። ክፍሉን ለመለየት መሪጌታውን በጆሮ ማዳመጫ ማሰማት ይረዳል፤ ማዳመጫው ከዕቃው ጋር አይመጣም።

ልክ ማስተካከል የሚያስፈራው ሰው ልኩን ቀድሞ መያዝ በማይጠይቀው በ32 ቢት ፍሎት የሚቀርጸውን ዙም ኤች1 ኢሴንሻል ይይ። የኤክስኤልአር መሰኪያ ግን የለውም፤ ለዘፋኙ አንድ፣ ለማሲንቆው ሌላ ማይክ የሚሰካ ተማሪ ወደ ኤች5 መመለሱ አይቀርም።