እማዬን «ጃጀች» ከመባል ላዳነችልን ሲስተር

እማዬ ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን በሆነች ሰሞን ያገዘችንን ሲስተር ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ በትርፍ ሰዓቷ ቤት ለቤትም ሕመምተኛ ትከታተላለች።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በማግስቱ ማታ ግን እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። የሞተውን ወንድሟን ትጣራለች፣ ጉሉኮሱን ልትነቅል ትታገላለች፣ እኔን በእህቷ ስም ትጠራኛለች። ጠያቂው ሁሉ «በቃ፣ ጃጅታለች» ብሎ ፈረደ። አንዷ ዘመዳችንማ ቤቷን ማን እንደሚጠብቅ ማሰብ ጀምራ ነበር!

ሲስተሯ መጀመሪያ የጠየቀችው እኛን ነው። «ከመውደቃቸው በፊት እንዴት ነበሩ?» የሰፈሩን ዕቁብ በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት አልናት። ከዚያ ወደ እማዬ ዞራ «እማማ፣ እስቲ የሳምንቱን ቀናት ከቅዳሜ ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ» አለቻት። እማዬ «ቅዳሜ፣ ዓርብ…» ብላ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቀረ። ቀጥሎ ሲስተሯ ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ ዳሰሰች። ፊኛዋ በሽንት ተወጥሯል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ ስትለን፣ ከእማዬ ቦርሳ ለጉንፋን እያለች የምትውጠው ክሎርፌኒራሚን ወጣ። ይህ ክኒን አረጋውያን ላይ ሽንትም ያግታል፣ አእምሮም ያምታታል። ለሐኪሙ ተነገረ፣ ክኒኑ ቆመ፣ ሽንቱ በቱቦ ወጣላት።

ነገሩ ዲሊሪየም ይባላል፤ ድንገተኛ የአእምሮ መምታታት ማለት ነው። የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ዲሊሪየም ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ዱብ ይላል፣ ሻል ብሎ ደግሞ ይብሳል። ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ መድኃኒት ሊያመጡት ይችላሉ። ሁሉም ደግሞ እንደ እማዬ አይጮህም። ዝም ብለው የሚተኙ አሉ፤ «ደህና አረፉ» እየተባለ የሚታለፉት እነሱ ናቸው።

ለእኛም ሥራ ሰጠችን። መነጽሯን አድርጉላት፣ ቀን መጋረጃ ክፈቱ፣ ሌሊት መብራት ቀንሱ፣ ውሃ አጠጧት፣ እንደ ለቅሶ ቤት አትሰብሰቡባት። እማዬ ቀስ በቀስ ተመለሰች። የዕቁቡን ገንዘብ ማን እንዳልከፈለ ስትጠይቅ ነው በደንብ ያመንነው።

ኮሪደር ላይ የሌላውም አስታማሚ ጥያቄ ወደ እሷ ነበር። በሞተር አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ እናት፣ ልጇ ያንኑ ጥያቄ ሲደጋግምባት ታለቅስ ነበር። ያወራል፣ ይስቃል፣ አዲስ ነገር ግን አይያዝለትም። «ነግሬህ የለ አትበይው፤ በየጊዜው አጠር አድርገሽ መልሽለት» አለቻት። ለረጅም ዓመት አረቄ የጠጣ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። የቫይታሚን ቢ1 እጥረት የማስታወስ ችሎታውን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። ክፍተቱን ባልሆነ ታሪክ ሲሞላ ሆን ብሎ እየዋሸ አይደለም። ስለዚህ ጠጪ ከሆነ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቢ1 በመርፌ ቶሎ መጀመር አለበት፣ ያለ እሱ ጉሉኮስ ብቻ መስጠት ደግሞ ሊያብሰው ይችላል።

ከሆስፒታል ስንወጣም አልተወችንም። ዲሊሪየም አንዳንዴ ተደብቆ የቆየ የመርሳት በሽታን ስለሚያጋልጥ፣ እማዬ ካገገመች በኋላ እንድትመረመር ወተወተችን። ተመረመረች፣ ደህና ናት።

ቤት ውስጥ አረጋዊ የምታስታምሙ ስልኳን ከፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሌሊት አታድርም፣ ቀጠሮዋም ቶሎ ይሞላል። ስትደውሉላት የሚወሰደውን መድኃኒት በሙሉ፣ የጉንፋኑንም ጭምር፣ አጠገባችሁ አድርጉ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።