ከድራማ ወደ ዜና፦ ሐዋሳ ላይ የሚሰጠው የቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሥልጠና ያዋጣል?

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ያዋጣል። ግን አሠልጣኟ ራሷ የምታስተምር ከሆነ ብቻ ነው።

ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ አቶቴ አካባቢ ፎቅ ላይ በተከራዩት አዳራሽ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የማማርርባቸው ነገሮች አሉኝ፣ ሰዎቹ ደግሞ ገና እየጀመሩ ነው። እኔ የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ በመቅረጽ ነው፣ ጋዜጠኛ የመሆን ሐሳብም የለኝም። የሄድኩት ካሜራ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ልማር ብዬ ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ግን አብዛኞቹ የቴአትር ክበብ ልጆች ናቸው፤ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ተከታታይ ድራማ ላይ የሠሩም አሉበት።

እነዚህን ልጆች የሳበቻቸው አሠልጣኟ ናት። መልኳን ብታዩ ታውቋታላችሁ። በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ የሰው ትዳር የምታፈርስ ሴት ሆና ለዓመታት ተጫውታለች፤ ከዚያ ትወናውን ትታ በዘጋቢነት ቴሌቪዥን ጣቢያ ገባች። ሥራ በጀመረች ሰሞን የሽንኩርት ዋጋ ልትጠይቅ ገበያ ወጥታ፣ ማይኩን ያስጠጋችላቸው እናት "አንቺ፣ ያን የመሰለ ልጅ ምን በድሎሽ ነው እንዲያ ያንገበገብሽው?" ብለው አፋጠጧት። ካሜራው እየቀረጸ ነው። ካሜራማኑ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ምስሉ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር አለችን፣ የሽንኩርቱ ዘገባም በዚያ ቀን ሳይሠራ ቀረ።

ሳቅን። እሷ ግን ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ተዋናይ ሆኖ ዜና ውስጥ የሚገባ ሰው ድምፅ አለው፣ ካሜራ አይፈራም፣ ጽሑፍ ቶሎ ይይዛል። ችግሩ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን መስማት ላይ ነው። ድራማ ላይ ሌላው ሰው ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ታውቃለህ፣ ስክሪፕቱን አንብበኸዋል፤ እሱ እያወራ አንተ የራስህን ተራ ነው የምትጠብቀው። ይሄ ልማድ ቃለ መጠይቅ ላይ ይገድላል።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ለልምምድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የወጣን ቀን ነው። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ሴቶቹ ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት እስኪወረወርላቸው በሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። ከመካከላችን ድራማ ላይ የሠራችው ልጅ አንድ ጠና ያሉ ዓሣ አጥማጅ ጋ ቀረበች። እንዲያው ቆንጆ አቀራረብ። ጎንበስ አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ "አባባ፣ ሕይወት በሐይቁ ላይ ምን ይመስላል?" አለች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ሰውየው መረቡን አስቀምጠው "አይዞሽ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?" ብለው ያጽናኗት ጀመር።

አሠልጣኟ አልሳቀችም። ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሳ ሰውየው ከዚያ በኋላ ያሉትን አሰማችን። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እያነሰ መምጣቱን፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ የሚጥሉ ሰዎች ጫጩቱን ሳይቀር እያወጡት መሆኑን እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገው አልፈዋል። ዜናው ያ ነበር። ልጅቷ ግን ራሷን በሐዘኔታ ነቀነቀችና "ቤተሰብዎስ?" ወደሚለው፣ ደብተሯ ላይ ወደጻፈችው ሁለተኛ ጥያቄ አለፈች። "እነማን ናቸው? መረቡን ከየት ያመጡታል? የሚቆጣጠርስ የለም?" የሚሉት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ቀሩ። አሠልጣኟ ያን ቁራጭ ደጋግማ አሳየችን፣ ቀጥላም ሁላችንንም ደብተር ቀምታ ባዶ እጃችንን መልሳ ላከችን። ከሥልጠናው ሁሉ ለእኔ ክፍያውን ያካካሰው ይሄ ነው።

ሌላው የወደድኩት ስለ ማስታወቂያ ያወራችው ነው፤ ይሄን ማንም በግልጽ አያወራውም። የታወቀ ተዋናይ ከድራማው ክፍያ ይልቅ የሚደጉመው ማስታወቂያ ነው፣ የሳሙናው፣ የቀለሙ፣ የቤት ሽያጩ። ትናንት "ይሄን ግዙ" ያለ ፊት ዛሬ ስለዚያው ድርጅት ግብር ወይም ቆሻሻ ፍሳሽ ሲዘግብ ማን ያምነዋል? እሷ ማስታወቂያውን ሙሉ በሙሉ ተወች። ኪሷን እንደጎዳት አልደበቀችም። አንዱ ልጅ "ሁለቱንስ አብሮ ማስኬድ አይቻልም?" ሲላት "ይቻላል፣ የበዓል ፕሮግራም አቅራቢ መሆን ከፈለግክ" አለችው። ትንሽ ጨከነችበት፣ ግን እውነቷን ነው። ፕሮግራም መምራት ሌላ፣ መዘገብ ሌላ።

እዚህ ላይ ስለ በራሪ ወረቀታቸው አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱ ላይ አሜሪካዊቷን ሊሳ ጉሬሮን እንደ ምሳሌ አስቀምጠው "ከድራማ በቀጥታ ወደ ስኬት" ብለዋል። በቀጥታ የሚባል ነገር የለም! ሴትዮዋ በ1998 እና በ1999 እ.ኤ.አ. በኤንቢሲ ቴሌቪዥን "ሰንሴት ቢች" ድራማ ላይ ተጫወተች። የስፖርት ፕሮግራም ላይ ሠራች። በ2003 በኤቢሲ የሰኞ ምሽት የአሜሪካ ፉትቦል ስርጭት ላይ የሜዳ ዳር ዘጋቢ ሆና ገባች፣ በትችት ተወረደባት፣ ከአንድ የውድድር ዘመን በላይም አልቆየችም። በ2006 ነው "ኢንሳይድ ኤዲሽን" የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ገብታ በምርመራ ዘገባ ስሟን ያደሰችው፤ አጭበርባሪ ነጋዴ በር ላይ ማይክ ይዛ የምትቆመዋ ሴት እሷ ናት። ይሄ ውጣ ውረድ ነው ልጆቹን የሚጠቅማቸው፣ ወረቀቱ ግን ዘሎታል። ደግነቱ አሠልጣኟ ክፍል ውስጥ ሙሉውን ተርካዋለች።

አሁን ወደ ምሬቱ። ካሜራው አንድ ነው፣ ፕሮምፕተሩም (አንባቢው የሚያነበውን ጽሑፍ የሚያሳየው) አንድ፣ እሱም ታብሌት በመስታወት ፊት ደግፈው የሠሩት። ለሃያ ምናምን ሰው። ተራ ሲደርስህ ሁለት አንቀጽ አንብበህ ትወርዳለህ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ከመስኮቱ ሥር ነው የሚነሳው፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸ ድምፅ ሁሉ ገደል ገባ። አስፋልቱ ደግሞ ቅርብ ነው፣ የባጃጅ ጡሩንባ የሌለበት ቀረጻ የለኝም። ድምፅ ለሚያስተምር ድርጅት ግድግዳ ላይ ስፖንጅ መለጠፍ ይሄን ያህል ከባድ ነው? እኔ ለሠርግ ድምፅ እንኳ ከዚህ የተሻለ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን አሠልጣኟ ለሥራ አዲስ አበባ የሄደች ሰሞን ነው። በእሷ ፈንታ የመጣው ልጅ ስላይድ ከፍቶ አነበበልን። በቃ፣ አነበበ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን ፎቶ ኮፒ አድርገው ማደላቸው ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ስሙ የተነሳ ሰው መልስ የመስጠት መብት እንዳለው ሳያውቅ ማይክ የሚጨብጥ ሰው ለራሱም ለሌላውም ችግር ነው። ግን አንቀጽ እየዘለሉ ማንበብ ማስተማር አይደለም። "መልስ እንዲሰጥ የምንፈልገው ሰው ስልክ ባያነሳስ ምን እናድርግ?" ብዬ ጠየቅኩ። "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ወደሚቀጥለው ስላይድ ሄደ። አሠልጣኟ ስትመለስ ያንኑ ጥያቄ አነሳሁላት፤ ደጋግሞ መደወል፣ መልእክት መላክ፣ ቢሮው ድረስ መሄድ፣ የሞከርክበትን ሰዓት መመዝገብና በዘገባው ውስጥ መናገር እንዳለብህ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

ሰርተፊኬቱ ያምራል፣ ማኅተምም አለው። ሥራ ያስቀጥራል ብዬ ግን አልዋሽም፤ ጋዜጠኝነትን ከሥር መሠረቱ መማር የሚፈልግ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉ አለለት። ትወና ላይ ቆይቶ መስመር መቀየር ላሰበ ሰው ግን ከዚህች ሴት ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ብዙ ነገር ያሳጥርለታል።

ከመመዝገባችሁ በፊት "እሷ ስንት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ክፍያው በሁለት ዙር ስለሆነ ሁለተኛውን ከመስክ ልምምዱ በኋላ ብታደርጉት ይሻላል። ምሳ ከእነሱ ጋር የለም፣ ግን አሞራ ገደል የምትወጡ ቀን የዓሣ ጥብሱን እዚያው በሉ።